ልክ ብዬ ያረምሁት ብረት

ይድረስ ለወንድሜ ለገብረዋሕድ፤ አሰብ።

እንደምን ሰንብተሃል ወንድሜ? የአሰብ ሐሩር እንደምን አድርጎሃል? ኩላሊትህስ በእርግጥ ተሽሎሃል ወይስ እኔን ላለማስጨነቅ ነው ተሻለኝ ያልኸው? ውሃ ፈልቶ የቀዘቀዘ እንጂ እንዲያው የተቀዳ እንዳትጠጣ አደራ። ዘውዲ እንደምን አለች? እግሯ በሙቀቱ ማበጡን ተወ? ልጆቹስ ትምህርታቸውን እንደምን ይዘዋል? የሣባ የእጅ ጽሑፍ ካለፈው ዓመት ተሻሽሏል፤ ስብሓት ግን ዛሬም መስመር ይስታል፤ አክስትህ አይታዋለች ብለህ ንገረው። እኔ ከጉልበቴና ከዓይኔ በቀር ጤነኛ ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ሰውነቴ የምጽፈው ይኸው ነው። ስለ ሌላው ግን ይህን ያህል በደስታ የምጽፍልህ የለኝም።

በግንቦት መጨረሻ በላክሁልህ አጭር ደብዳቤ «መኪናህ ተሠርታ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ላጲሶም ደህና ነው» ብዬህ ነበር። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛው ውሸት ነው። የዛሬውን የምጽፈው ያንን ለማረም ነው።

ነገሩ የጀመረው በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ነው። ከወሎ ሰፈር ወደ ቤታችን በሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ጎርፍ የቆፈረው ጉድጓድ አለ። አውቀው ነበር፤ ከፊቴ ድንገት የቆመ አውቶቡስ ስሸሽ ገባሁበት። ከኋላ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ ፊያትህ አንድ ትከሻው እንደ ወደቀ ሰው ወደ ቀኝ አዘንብላ ትሄድ ጀመር። ታውቀኛለህ፤ በሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ሥዕል ካየሁ ሳላቀና አልቀመጥም። ሃያ ዓመት አብራኝ የኖረችው ወርቄ ከገበያ ስትመለስ ሰዎች «መምህርትን ዘንድሮ ጠማማ ላይ ተቀምጠው አየናቸው» እያሉ ሲስቁ ሰምታ ነገረችኝ። ሳቁ ከጉድጓዱ ይልቅ ጎዳኝ።

አንተ ወደ አሰብ ስትዛወር «ከላጲሶ በቀር ማንም መካኒክ እንዳይነካት» ብለኸኝ ነበር። ከከምባታ በልጅነቱ መጥቶ በመሥሪያ ቤትህ ጋራዥ ሥራ ያስተማርኸው፣ ስምህን ባነሣ ቁጥር «ጋሼ» የሚልህ ያው ላጲሶ አሁን ወሎ ሰፈር ባለ ጋራዥ ተቀጥሯል። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ አየና መኪናዋን ከኋላ የሚሸከማት የቀኙ ባሌስትራ መሰበሩን ነገረኝ። አዲስ ባሌስትራ ከከተማው ከጠፋ ቆይቷል፤ ያለው መንገድ ያገለገለ ፈልጎ መግጠም ነው አለኝ።

ሰኞ ግንቦት 10 ቀን ከመገናኛ ወዲያ አሮጌ መኪና ወደሚታረድበት ግቢ አብረን ሄድን። በር ከዚህ፣ መሪ ከዚያ፣ ወንበር ከወዲያ ተከምሯል። ባለቤቱ አብዱራሕማን የሚባል ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። ለእኛ መኪና የሚሆኑ ሁለት ባሌስትራዎች አወጣልን። አንዱ ዝገትና ጭቃ የጠጣ ነው። ሌላው ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። የቱን እንደ መረጥሁ ሳልነግርህ ታውቀዋለህ።

ላጲሶ ሁለቱንም መሬት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ መታ መታ አደረገና ጆሮውን አስጠጋ። የዛገው ጥርት ብሎ ጮኸ። የጥቁሩ ድምፅ ቶሎ ሞተ። «እትዬ፣ የዛገውን ብንወስድ ይሻላል፤ የዚህ ድምፁ ደስ አላለኝም፤ ቀለሙም ትኩስ ነው» አለኝ በቀስታ። አብዱራሕማን ሳቀና «ወንድም፣ ባሌስትራ ልትገዛ ነው የመጣኸው ወይስ መዘምር ልትቀጥር?» አለው። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳቁ ባበቃ ደግ ነበር። ጣቴን አንሥቼ «ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር ንጹሑን ደብተር ከቆሻሻው ለይቼ አውቃለሁ፤ ንጹሕ ዕቃ ጠንቃቃ ሰው የያዘው ነው» አልሁት። «እሺ እትዬ» አለ።

የበራችንን ቁጥር የቀባንበት ቀይ ቀለም በትንሽ ጠርሙስ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። በጋራዥ ዕቃ ይለወጣል ሲባል እሰማለሁና ሆን ብዬ ይዤው ነው የሄድሁት። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ብረቶች መሆኑን ታውቃለህ፤ ከሁሉ በሚረዝመው በዋናው ብረት ጫፍ ላይ ምልክት አደረግሁ። ምልክቱም ደብተር ሳርም ከትክክለኛ መልስ ጎን የማደርገው ያ ጭረት ነው፤ እጄ የለመደው እሱን ነው። ላጲሶ ቆሞ ያየኛል። «ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ለሌሎቹ ነው» አልሁት። ለማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ሌላ ጊዜ ቢሆን በርጩማ አስመጥቼ ሥራው እስኪያልቅ እጁን ስጠብቅ እውል ነበር። ማክሰኞ ግን የጎረቤት ለቅሶ ነበረብኝ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዡ ስመለስ መኪናዋ በር ላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደስ አለኝ፤ ደስታዬን ግን አልተናገርሁም። ጋዜጣ አንጥፌ ተንበረከክሁና ከሥር አየሁ። ምልክቴ የለም። ዋናው ብረት ጥቁር ቀለም ያልነካው፣ ዝገቱ ተፍቆ ግራሶ የተቀባ ሌላ ብረት ነው።

የገዛሁት ብረት የት እንደ ሄደ ጠየቅሁት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መሬት መሬት አየ። መኪናዋ ደህና ስለሆነች በዚህ እንዳልጨነቅ ነገረኝ። ደግሜ ጠየቅሁት። «ይቆየን እትዬ፤ ማታ ቤት መጥቼ እነግርዎታለሁ» አለኝ። ሠራተኞቹና ሻይ ቤት የነበሩት ሰዎች ከበውን ነበር። በእነሱ ፊት ሊነግረኝ ያልፈለገው ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ያለ ተማሪ ያላጠና ነው ስል የኖርሁ ነኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ከአፌ የወጣውን እንደ ወጣ እጽፍልሃለሁ፤ ባሳምረው ሌላ ውሸት ይሆናል።

«አንተ ጴንጤ፣ በየሰው ቤት ተደብቃችሁ የምትጸልዩት ስርቆቱ እንዲቀናችሁ ነው?» አልሁት።

ጸሎት ቤታቸው ከተዘጋ ወዲህ ይህ ቃል በአደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚያስከትል የማያውቅ የለም። እኔም አውቅ ነበር። ደግሞ ጴንጤ መሆኑን ከየት ነው ያወቅሁት? ባለፈው ክረምት ወርቄ ለሞት ስትታመም ላጲሶና ሚስቱ ትግስት ቤቴ መጥተው፣ መስኮት ዘግተው፣ አልጋዋ ሥር ተንበርክከው ጸለዩላት። በደግነታቸው ያወቅሁትን በቁጣዬ አወጣሁት።

ከሻይ ቤቱ በር ተቀምጦ የነበረ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «እናት፣ የመጨረሻውን ደግመው ይበሉት» አለኝ። አልደገምሁትም። አልካድሁትምም። ላጲሶን ይዞት ሄደ። እኔም ተከትዬ ቀበሌ ገባሁና የስርቆቱን አቤቱታ በገዛ እጄ ጻፍሁ። አንዲት ፊደል አልሳትሁም። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይቶ እንደማያውቅ ሲነግረኝ ኮራሁ። ይህን ስጽፍልህ ፊቴ ይቃጠላል።

ሐሙስ ጠዋት ትግስት በሬን አንኳኳች። ሕፃኗን አዝላለች፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛለች። ማታ ቤታቸው ተፈትሾ መጽሐፍ ቅዱሳቸውና የመዝሙር ደብተራቸው መወሰዱን በአጭሩ ነገረችኝ። አላለቀሰችም። ጋዜጣውን ፈትታ ብረቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ጥቁሩ ቀለም በናፍጣ ታጥቦ ግማሹ ለቋል። መሃሉ ላይ፣ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ በኩል፣ ከዳር እስከ ዳር ሊደርስ ጥቂት የቀረው ስንጥቅ አለ። ጫፉ ላይ የእኔ ቀይ ጭረት። የተሰነጠቀ ብረት ላይ ልክ ነው ብዬ አርሜ ኖሯል።

«ሲፈታው ነው ስንጥቁን ያገኘው» አለች ትግስት። «እርስዎን በሰው ፊት ላለማሳፈር ብሎ ማክሰኞ ከሥራ ሲወጣ በእግሩ መገናኛ ድረስ ሄዶ የዛገውን በካፖርቱ ለወጠ። ለማንም እንዳልናገር አደራ ብሎኝ ነበር። አደራውን ያፈረስሁት እርስዎ እንዲያዩት ነው። ሌላ የምለው የለኝም።» ወጣች። ተቀመጪ እንኳ አላልኋትም።

ወንድሜ፣ እዚህ ድረስ የጻፍሁትን ወሎ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል። የሚቀጥለውን ግን ጠቅላላውን የምታውቀው ትግስት ብቻ ናት። እሷ ቤቴ የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው። እኔ ቀበሌ የሄድሁት ቅዳሜ ነው።

ብረቱን አልጋዬ ሥር ከትቼ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። ሐሙስ ራሴን አሞኛል አልሁ። ዓርብ መጀመሪያ ልጸልይ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁና ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምሁ፤ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቀበሌው በር ያለውን መንገድ ታውቀዋለህ፤ መቶ እርምጃ አይሞላም። አልፌው ወደ ቤቴ ሄድሁ። የሐሰት አቤቱታ ያቀረበ ራሱ ይታሰራል ይሉ ነበርና ፈራሁ። ፍርሃቱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ለአንተ መንገሩ ባልከበደኝ። ያቃተኝ እነዚያ የጋራዥ ሰዎች ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ» ማለት ነው። ስንቱን ልጅ በክፍሉ ፊት አቁሜ ይህንኑ ቃል አስብዬዋለሁ። አንተንም ጭምር፤ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ፣ ስለ ተሰበረች አንዲት ብርጭቆ።

ዓርብ ማታ የላጲሶን ውስጥ እግር ገረፉት። ሐሙስ ሄጄ ቢሆን ዓርብ አይደርስበትም ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ አገላብጬ አየሁት፤ የሚታረም ስሕተት አላገኘሁበትም።

ቅዳሜ ጠዋት ወርቄ አልጋ ሥር ስትጠርግ ብረቱን አወጣችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቀዩን ጭረት ግን አወቀችው። በሩ አጠገብ አስደግፋ አቆመችው። ከዚያ ምንም ሳትጠይቀኝ ነጠላዬን አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጉዲና ይባላል። ብረቱን ፊቱ አስቀምጬ አቤቱታዬ ስሕተት መሆኑን ነገርሁት። ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና «እንደዚያ ያለ ጽሑፍ የጻፉ ሰው ይሳሳታሉ ብሎ ማን ያስባል?» አለ። ቀጥሎ «ስርቆቱ ይቅር፤ ጴንጤ ነው ያሉትስ?» አለኝ። በንዴት የወጣ ስድብ መሆኑን፣ ሲጸልይም አይቼው እንደማላውቅ ነገርሁት። በዚህ ወር ከዋሸኋቸው ውሸቶች ይህ አንዱ ብቻ አያሳፍረኝም። መጽሐፍ ቅዱስ ቤቱ ተገኝቷል ቢለኝ «የእኔም ቤት አለ፤ ይምጡና ይውሰዱኝ» አልሁት። እንግዲህ ሽበቴን አፍሮ ይሁን ወይም ጉዳዩ ሰልችቶት፣ አላውቅም፣ ማታ ለቀቁት። እኔም በስብሰባ ላይ ግለ ሂስ እንዳደርግ ተወሰነብኝ። አደረግሁ። እሱ ቀላል ነው፤ እዚያ ሁሉም ግለ ሂስ ያደርጋል፤ የሚሰማ የለም።

የከበደኝ የጋራዡ በር ነው። ሰኞ በዚያው ሰዓት ሄጄ በዚያው ቦታ ቆምሁ። ላጲሶ ሌባ አለመሆኑን፣ የተሰነጠቀውን የመረጥሁት እኔ መሆኔን፣ እሱ ነፍሴን አትርፎ ሳለ የሰደብሁት መሆኔን ተናገርሁ። ድምፄ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ከመኪና ሥር አንድ ሰው «ጮክ ይበሉ እትዬ፤ ያን ዕለት ጮክ ብለው ነበር» አለኝ። ሳቁ። እውነቱን ነው። ጮክ ብዬ ደገምሁት። ከዚያ መገናኛ ሄጄ ካፖርቱን ጠየቅሁ። ነገሩ ጆሮው ደርሶ ኖሮ ጨዋታ አዋቂው አብዱራሕማን አንዲት ቀልድ ሳይናገር አጣጥፎ ሰጠኝ።

ካፖርቱን ይዤ ማታውን ቤታቸው ሄድሁ። ላጲሶ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ትግስት እግሩን በሞቀ የጨው ውሃ ታጥበዋለች። ሊነሣልኝ ሞከረ። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ነገሩን እንዳወቁ መጥተው አስፈቱኝ» አለኝ። የትግስት እጅ ውሃው ውስጥ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። ጎንበስ ብላ ማጠቧን ቀጠለች። እኔም ምስጋናውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው ገብረዋሕድ። የሰደብሁት ሲያመሰግነኝ ዝም ብዬ ተመሰገንሁ። አሁን ሥራ ጀምሯል። ፊያትህ በበሩ ስትገባ ቀጥ ብላ ነው፤ እሱ ሲራመድ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ይድናል ይላሉ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለውን በአፌ ልነግረው ሦስት ጊዜ ሄጄ፣ ሦስቴም ስለ መኪናዋ አውርቼ ተመለስሁ።

ስለዚህ እንዲህ አድርጌያለሁ። ማክሰኞ ወደ አሰብ የሚነሣው የጭነት መኪና ሹፌር ግርማይ የላጲሶ ወዳጅ ነው፤ መልእክት የሚቀበለው ከጋራዡ ነው። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት ልልከው አልችልም፤ ለምን እንደሆነ አንተም ትረዳለህ፤ አንብበህም አቃጥለው። እንግዲያው በላጲሶ እጅ ማለፉ ነው። ፖስታውን አላሸግሁትም። ነገ ጠዋት ወስጄ «አንብበህ አሽገው» እለዋለሁ። ምላሴ እንቢ ያለውን እጄ ጽፎታል። ታሽጎ ከደረሰህ ያሸገው እሱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። «አይዞሽ፣ በንዴት ነው» ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ያሳደግሁህ እኔ ነኝና ቃሌን እንደ ሕግ ይዘህ ኖረሃል፤ ይህንንም እንደዚያው ያዘው። ለላጲሶ ግን ጻፍለት። ስለ እኔ ሳይሆን ስለ እሱ ጻፍለት።

ለዘውዲ እግሯን ከፍ አድርጋ እንድትተኛ የነገርኋትን እንዳትረሳ ንገርልኝ፤ ናፍቆቴንም አድርስልኝ። ሣባን ግንባሯን ሳምልኝ። ስብሓትን ስለ መስመሩ አትቆጣው፤ ከላይ የጻፍሁትን ተወው፤ አክስትህም ትስታለች በለው። በግራ በኩል ላሉት ደግ ጎረቤታችሁ ሰላም በልልኝ። ወርቄ እጅ ትነሣለች፤ የአሰብ ጨው ላኩልኝ ብላለች።

እኅትህ ሃረገወይን
አዲስ አበባ፣ ቦሌ፣ ወሎ ሰፈር
ሰኔ 7 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጰራቅሊጦስ

ሰኞ ሰኔ 8። ይህን የምጨምረው ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ላጲሶ ግንቡን ተደግፎ አነበበው። በዝግታ ነው የሚያነበው፤ እኔም እንደ ተማሪ ቆሜ ጠበቅሁት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመና ተመልሶ አነበበው። ሲጨርስ በታጠፈበት መስመር መልሶ አጠፈው። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ጎንበስ ብሎ መኪናዋን ከሥር አየ። በኋላ «አዲስ የገባ ባሌስትራ ወር ሲሞላው ብሎኑ እንደገና መጥበቅ አለበት፤ ያለዚያ ይላላል። ያምጧት» አለኝ። መቼ ላምጣት አልሁት።

«ሐሙስ» አለኝ። «እንዳያሳድሩት።»